በቪዛ ፎርሙ ላይ ያለው ወንድም

…ስሙ ሲጠራ ማንም አልመለሰም። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደግሞ ጠራው። ከድንኳኖቹ ኋላ የውሃ ቦቴው ሞተር ብቻ ያጓራል። በሰልፉ ከፊቴ የቆሙት ሰው ዞር ብለው አዩኝ፤ ያዩት እኔን ይሁን ከእኔ ጀርባ ያለውን የከሰላ መንገድ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት…

ከመሐል ጀመርኩብሽ፤ ይቅርታ፣ ውድነሽ። ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ መጀመር ነውር መሆኑ በአባባ ቤት ላደገ ሰው አይጠፋውም። ግን ይህ ነገር ሰሞኑን እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጬም፣ ወደ ሥራ ወደ ኮሜርስ ሲቲ ስነዳም፣ ሁልጊዜ ከመሐሉ ይጀምራል፤ ሁልጊዜም እዚያችው ላይ ይቆማል። ቀሪውን ዛሬ እጽፍልሻለሁ። አስቀድሜ ግን ደኅንነታችሁን ልጠይቅ።

እንደምን ከረምሽ፣ እህት ዓለም? ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ? ከሆስፒታል ወደ አዘዞ ስትመለሺ ታክሲ አጥተሽ ዝናብ የምትጠግቢበት ወር ነው። የእማማ ጉልበት እንዴት አደረጋት? ቅባቱን በሰው እጅ ልኬ ነበር፤ ደረሰ ወይስ በመንገድ ቀረ? ደርሷል ብትይኝም ቆርቆሮውን ካላየሁ አላምን ይሆናል፤ እንዲህ ሆኛለሁ። የአባባ የዓይን ሞራስ ተገፈፈ? ታናሻችን ቅዱስ ከዚያ ከጋራዡ ባለቤት ጋር ታረቀ? እኔ፣ ሮማነወርቅና ሔለን ለሥጋችን ደኅና ነን። ለሥጋችን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰኔ ሰባቱ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የላቦራቶሪው ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ቅጂ፣ ኢሚግሬሽን ያጸደቀው ወረቀት ቅጂ፣ ኤምባሲ የምትቀርቢበት ቀን፣ ነሐሴ 10፣ ሁሉም አለ። በወር የሚከፈል፣ ስምሽ በር ላይ የሚጻፍበት ሥራ። አባባ ወረቀቱን ይዘው አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው፣ ድሮ አብረዋቸው ግሬደር ይነዱ ለነበሩት ጡረተኞች አሳዩ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእኔ የፈለግሽው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ በኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ ነው ያገኘሁት፣ አንተ እዚያው ነህ፣ ድርጅቱ በእውነት መኖሩን በዓይንህ አይተህ አጣራልኝ፣ ብለሻል።

አጣራሁ። እንዴት እንዳጣራሁ ግን ልንገርሽ።

ቢሮው ቻምበርስ ሮድ ላይ ነው፤ ከቤታችን በመኪና ሰባት ደቂቃ። በአንድ መደዳ ጥፍር የሚያሳምሩበት ሱቅ፣ ጎማ ቤት፣ በመሐላቸው ደግሞ ላቦራቶሪው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምልክቱን ነው። አዲስ ነበር። አዲስ ምልክት ማንም በአንድ ቀን ይሰቅላል። አሮጌ ቢሆን ደግሞ ለምን አላደሱትም ብዬ እጠረጥር እንደነበር አውቃለሁ። ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ጠዋት ጠዋት ከማዶ ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩ። ሁለት ማክሰኞ፣ አንድ ሐሙስ። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ይገባል። ሣጥኑ ባዶ ቢሆንስ? ሲወጣ ቀለል ብሎት እንደሆነ አካሄዱን አየሁ። መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የሞላና ያልሞላ ሣጥን ከትከሻ ይለያል። ሲገባ የሞላ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የጥፍር ቤቷ ሴትዮ ወጥታ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች። ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ የምታየው ማንን ነው? ሠራተኞቼ ፈርተዋል፣ አለችኝ። እህቴን፣ አልኳት። የትኛዋ ናት? ብላ ወደ ሱቋ ዞረች። ገና አልመጣችም፣ አልኳት። ፖሊስ ሳልጠራ ሂድ፣ አለችኝ። እኔ ድርጅቱን ስጠረጥር እሷ እኔን ትጠረጥር ነበር፤ ከሁለታችን ማን ትክክል እንደሆነ አሁን ሳስበው አይለይልኝም።

ያን ዕለት ገባሁ። ሥራ ፈላጊ መስዬ ማመልከቻ ጠየቅኩ። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሴት ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ናት። ከውጭ አገር ሰው ትቀጥራላችሁ ወይ ስላት፣ አዎ፣ በጥቅምት አንዲት ከኢትዮጵያ የምትመጣ ባለሙያ አለችን፣ አንተም ከዚያው ነህ? አለችኝ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በመስታወቱ በኩል አሳየችኝ። ማይክሮስኮፕ፣ መብራት፣ ከመስኮቱ ሥር ወንበር። ወንበሩ ላስቲኩ ገና አልተቀደደለትም። የእሷ ነው፣ አለችኝ።

ድርጅቱ እውነተኛ ነው፣ ውድነሽ። ሥራው አለ። ወንበርሽ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቆየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣብኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ሥራው እውነት ከሆነ ኤምባሲ ትቀርቢያለሽ። ኤምባሲ ከቀረብሽ ትጠየቂያለሽ። ፎርሙ ላይ ደግሞ ወንድም ወይም እህት አሜሪካ አለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ አንቺም ሐቀኛ ስለሆንሽ አለኝ ብለሽ ሞልተሻል።

በሳምንቱ፣ ዕረፍቴ በሆነው ሰኞ፣ ስልክ ተደወለ። የድርጅቱን የቪዛ ጉዳይ የምትይዝ ሴት ናት። ያነሣችው ሔለን ነች። እኔ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር። እራት ላይ ሔለን አፏን ሞልታ እየሳቀች፣ ዳዲ፣ ሁ ኢዝ መስፍን? አለችኝ። ሮማነወርቅ ሹካዋን አስቀመጠች። ምን አሉሽ? አልኳት። እዚህ ቤት መስፍን ወልደየስ የሚባል ሰውና ሰመረኣብ ተክለሚካኤል የሚባል ሰው ይኖራሉ ወይ፣ አንዱ ወንድሟ ነው፣ ሌላው ደግሞ ተጠሪዋ፣ ለፋይሉ ሁለቱንም ማነጋገር እንፈልጋለን አለች፣ አለችኝ። አንቺስ ምን አልሽ? አይ ቶልድ ኸር፣ ሰመረኣብ ዳዲ ነው፣ መስፍን የሚባል ሰው እዚህ የለም፣ አለች ልጄ። ሴትዮዋም አመስግና፣ ኖት አደርገዋለሁ ብላ ዘጋች።

ያቺ ኖት አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ቢጫ ወረቀት ላይ ተጽፋ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ይሆናል። ወይ ፋይልሽ ውስጥ ገብታለች። ወይ ተጥላለች። በቀን ስንት ጊዜ እንደማስባት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

አሁን ልንገርሽ። ሰመረኣብ የሚባል ጓደኛ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። አብሮኝ ቤት የተከራየው፣ ደብዳቤያችሁን የሚቀበልልኝ፣ እማማ በየዓመቱ ሰላም የምትለው ሰው የለም። ሰመረኣብ እኔው ነኝ። በፓስፖርቴ፣ በመንጃ ፈቃዴ፣ በሥራ ቦታዬ፣ በልጄ የልደት ወረቀት ላይ ሰመረኣብ ተክለሚካኤል ነኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ በነበርኩ ጊዜ ከድንኳኔ አጠገብ አቶ ተክለሚካኤል የሚባሉ የአሥመራ አስተማሪ ነበሩ፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን አንድ ልጅ ያላቸው። ልጁ ሰመረኣብ ይባላል። አሜሪካ የሚሄዱ ቤተሰቦች ዝርዝር ሲወጣ አባትና ልጅ ስማቸው ወጣ። እንደ እኔ ብቻውን የነበረ ወጣት በዚያ ዙር አልተወሰደም። ከዚያ ልጁ አንድ ማለዳ አጎቱን ሊፈልግ ወደ ከሰላ ሄደ። በሦስት ቀን እመለሳለሁ አለ። ስም የተጠራው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዝርዝሩ አንድ ሰው ከጎደለ የቤተሰቡ ፋይል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መቼ እንደሚወጣም አይታወቅም ይባል ነበር።

ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሲከፍት፣ አለሁ፣ አልኩ።

ማንም አላዘዘኝም። ሽማግሌው አልጠየቁኝም። ክንዴን ያዙኝ። ፎቶ የተነሣነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ አልተመለሰም፤ መሞቱንም መኖሩንም የነገረን የለም። እኔ ተመለስኩለት።

ይኸው ሃያ አንድ ዓመት። አቶ ተክለሚካኤል ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፤ ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ሆኗል። አቦይ ነው የምላቸው፣ አባቴ ማለት ነው በትግርኛ። እሳቸው ወደይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ትግርኛውን ከእሳቸው ተማርኩት፤ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው የአሥመራ ሰዎች ግን ይስቁብኛል። አንተ ሰመረኣብ፣ ትግርኛህ ጎንደር ያደገ ይመስላል፣ ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያ የኤርትራ ጦርነት የመጣ ጊዜ ደግሞ፣ ውድነሽ፣ የጎንደር ልጆች ሰላምታ ነፈጉኝ። እኔ ከቅዳሴ ስወጣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የፋሲለደስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ እኔ አውቄዋለሁ፣ እሱ አላወቀኝም። ላስታውሰው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

እናንተን እንዴት እንዳታለልኩ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አሁን ብቻ ነው የሚገባሽ። ፎቶ ስልክላችሁ ጓደኛህስ የታል ስትሉኝ፣ ያነሣን እሱ ነው እላችሁ ነበር። እማማ ሁለት ጋቢ የላከች ጊዜ፣ አንዱን ለሰመረኣብ ብላ፣ ቁመቱ ካንተ ይበልጣል ወይ ብላ አስጠይቃ ነበር። እኩል ነን ብዬ ጻፍኩላት። ሁለቱንም እለብሳቸዋለሁ። የእሱን ስለብስ የሰው ነገር የወሰድኩ ይመስለኛል።

አንዳንዴ አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። አምና፣ ሰመረኣብ ሚስት አላገባም ወይ ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዤ የእጅ ጽሕፈትሽን መረመርኩት። ከሌላው መስመር ይልቅ ተጭነሽ የጻፍሽው መሰለኝ። እስክሪብቶሽ አልቆብሽም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ታዝኚብኛለሽ። ስልኩ በተደወለ ማግስት ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ድርጅቱ የለም፣ ቢሮው ባዶ ነው፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት የማታለያ ነው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊትልተን አካባቢ ስንቱን አምጥተው ቤታቸውን እንዳስጠረጉት ሰምቻለሁ፣ ነሐሴ 10 እንዳትቀርቢ፣ አልኩሽ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ስለ ጎማ ቤቱም፣ ስለ ጥፍር ቤቱም ጻፍኩ፤ ውሸት እንዳይመስል እውነቱን ሁሉ አስገባሁበት። አራት ቀን በምሳ ዕቃዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ዕረፍት ሰዓት ላይ አውጥቼ ሳነበው እኔ ራሴ አመንኩት። ወንበሩን ባላይ ኖሮ፣ ይህን የጻፈው ሰው ይወዳታል እል ነበር። ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ግን እነዚያን ሦስት ጠዋቶች አስባለሁ። ከማዶ ተቀምጬ የነበረው እውነት መሆኑን ላጣራ ነው ወይስ ውሸት እንዲሆን ፈልጌ? ሣጥን የያዘውን ሰውዬ ትከሻ ሳይ፣ ባዶ ይሁን እያልኩ ነበር?

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ለአቦይ መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። እህቴ በሥራ ቪዛ ልትመጣ ነው፣ አልኳቸው። እንኳን ደስ አለህ፣ አሉ። ፎርሙ ላይ ወንድሜ ብላ ጽፋኛለች፣ አልኳቸው። መብራት ይዞን ቆምን። አረንጓዴ በራ፤ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

በየትኛው ስምህ? አሉኝ።

እናቴ በምትጠራኝ፣ አልኳቸው።

እሳቸው የድሮ አስተማሪ ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል፤ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። ሠላሳ ዓመት በየጠዋቱ ስም ጠርቻለሁ፣ አሉ፤ የቀረ ልጅ ሲጠራ አለሁ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አውቄ የማልፍበት ቀን ነበር። አንድም ቀን ግን ያ ጓደኛ ራሱ ተነሥቶ፣ ጋሼ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ሲል አልሰማሁም። አንተ ልትል ነው?

መኪናውን አንቀሳቀስኩ። ቀጠሉ። ልጄ ለመሆን አንድ ቃል በቃህ። ላለመሆን ደግሞ አንድ ደብዳቤ ይበቃሃል ማለት ነው።

አቦይ፣ እህቴን ዋሽተሽ ግቢ ልበላት? አልኳቸው። ብትያዝ ዕድሜ ልኳን ይዘጉባታል።

እኔ የምፈራው ፖሊሱን መሰለህ? አሉኝ። ምን ሊያደርጉኝ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ገዳሪፍ ሊመልሱኝ? ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ለእኔ ይሁን ለመስታወቱ ሳይለይልኝ ተናገሩ። ልጄ በሕይወት ካለ አንድ ቀን ይፈልገኛል። ስንት አገር የስልክ ማውጫ አለ። ሰመረኣብ ተክለሚካኤል ብሎ የራሱን ስም ሲያይ፣ አባቴ እዚህ ነው ይላል። ለዚህ ብዬ ነው በአንተ ላይ ያስቀመጥኩት። አንተ ስሙን ስታወልቀው የት ያገኘኛል?

ይህን በሃያ አንድ ዓመት ነግረውኝ አያውቁም። ይወዱኛል እንጂ ከእኔ ሌላ ነገር አይጠብቁም ብዬ ነበር። ወይም ሁለቱም ነው። በየዓመቱ ማውጫው ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ በጣታቸው ስሜን ፈልገው፣ አለህ፣ ይሉኝ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ከእሑድ ጀምሮ ማዕድ ላይ አይመጡም። ምግባቸውን ሔለን ታወርድላቸዋለች። አያቴ ታሟል ወይ? ትለኛለች። ደክሟቸው ነው፣ እላታለሁ። ሮማነወርቅ ሁሉን ታውቃለች፣ ከመጋባታችን በፊት ነግሬአታለሁ። የአንተ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ ጻፍ እልህ ነበር፣ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ግን ጻፍ፣ አለች።

እንግዲህ የምልሽ ይህ ነው፤ ደጋግመሽ አንብቢው። ፎርሙ ላይ የሞላሽውን አትለውጪ። ወንድም የለኝም ብለሽ አዲስ ፎርም እንዳትሞዪ፤ እንዲህ ብለሽ ልታድኚኝ አስበሽ ከሆነ አልቀበልሽም። መስኮቱ ላይ ስትቀርቢ ካልጠየቁሽ አታውሪ፤ ከጠየቁሽ አትዋሺ። ወንድምሽ ማን ይባላል ካሉሽ፣ እናትና አባታችን ያወጡለት ስም መስፍን ወልደየስ ነው፣ እዚያ የሚታወቅበት ግን ሰመረኣብ ተክለሚካኤል ነው በያቸው። እንዴት ካሉሽ፣ እሱን ጠይቁት በይ፤ አድራሻዬን ታውቂዋለሽ። በእኔ ውሸት ድርሻ የሌለሽ መሆኑን እንዲያዩ ይህንኑ ደብዳቤ ይዘሽ ግቢ። ዓይንሽን ከመስታወቱ አትንቀይ።

እኔም ሰኞ ከአንድ ጠበቃ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከድርጅቱ ጋር የማይተዋወቅ መሆኑን ሦስት ቦታ ጠይቄ ነው የመረጥኩት። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዜግነቴን ሊወስዱት ይችላሉ። ምንም ላያደርጉም ይችላሉ። የአቦይንም እንዲሁ። ሔለን እዚሁ ስለተወለደች የእሷን የሚነካ የለም ይሉኛል፤ ግን ይህን ያለኝ ሰው ፎርክሊፍት ነጂ እንጂ ጠበቃ አይደለም። አንቺ ግን ሥራሽን በሙያሽ አግኝተሻል። የማንም ስም ላይ ቆመሽ አይደለም። አንቺ ስምሽን ስትጠሪ ወደ ኋላሽ ሳትዞሪ ነው፤ ይህን አትለቂ።

በስልክ ያልነገርኩሽ መስመሩን ስለማላምነው ነው። ፖስታ ቤቱንም አላምነውም። ደብዳቤውን የምትወስድልሽ አበዛሽ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አባል፣ ነገ ዓርብ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ጎንደር ትበራለች። ሻንጣዬ ሞልቷል፣ ወንድሜ፣ ደብዳቤ ከሆነ ግን ስጠኝ፣ ደብዳቤ ምን ይከብዳል፣ አለችኝ። በካርቶን ማሸጊያ ቴፕ አሽጌ እንደምሰጣት ስነግራት፣ የምትልከው ወርቅ ነው ወይስ ፈንጂ? ብላ ሳቀች። ጥሩ ሴት ናት። ቴፑ ተነክቶ ከሆነ ግን ንገሪኝ። ትናንት አቦይ፣ አበዛሽ ስንት ሰዓት ነው የምትበረው? ብለው በሔለን አስጠየቁኝ። ነገርኳት። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኩም።

ለአባባ አንቺ አትንገሪያቸው። ወረቀቱን ስጫቸውና ከክፍሉ ውጪ፤ ሲጨርሱ ይጠሩሻል። የሌላ ሰው ልጅ ነኝ አለ ብለው ይቆጡ ይሆናል። ተቆጥተው የሚሉትን ሳታለዝቢ ጻፊልኝ። ለእማማ ግን ጋቢውን ለእኔው እንደሰጠችው ቀስ ብለሽ ንገሪያት።

እማማን ሁለቱንም ጉልበቷን ስሜአለሁ፤ በእኔ ፈንታ ደጋግመሽ ጎንበስ በይላት። አባባን እጃቸውን ይዤ፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቅዱስን፣ ጌታው፣ ከባለጋራዡ ጋር መጣላት ትተህ መፍቻውን አጥብቀህ ያዝ ብሎሃል በይው። የእትዬ ሮማን ልጆችን፣ ስማቸው ቢጠፋኝም፣ በየተራ ሳሚያቸው። ሮማነወርቅ ከልብ ሰላም ትልሻለች፤ ስትመጪ የምትተኚበትን ክፍል መጋረጃ እሷ ናት የመረጠችው። ሔለን የአክስቷን ፎቶ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋለች። ለአንቺ ደግሞ ሰላምታዬ ይህ ሁሉ ነው።

ወንድምሽ
መስፍን ወልደየስ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሐምሌ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ገና አላሸግኩትም። ጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ ሮማነወርቅ ሥራ ላይ ናት፣ ሔለን ከጓደኞቿ ጋር ዋና ሄዳለች። አቦይ ከቤዝመንቱ በደረጃው እየወጡ ነው፤ እንደ ወትሮው በየእርከኑ አያርፉም። ክፍሌ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ጠበቅኩ። አለፉ። የውጭው በር ተዘጋ። ከእኔ ቀድመው አበዛሽን ሊያገኙ ይሆናል፤ እኔም አሽጌ ልከተላቸው ነው።